የአባቴ ድምፅ በጨንቻ ጉም ውስጥ

ጨንቻን ለማየት ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ አይደለም። እናንተም አትሄዱም፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ። እኔ ሽሮ ሜዳ ተወልጄ ሽሮ ሜዳ ያደግሁ የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። «አገራችን» የሚሉትን አገር ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ያየሁት አባቴ አፉን ስለታመመ ነው።

ምላሱ ጎን ላይ ቁስል ወጣበት። መጀመሪያ ጥርስ ነው አለ፣ ቀጥሎ ትኩስ ሻይ ነው አለ፣ እያደር መናገር እያቃተው መጣ። ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኩት። ከቁስሉ ቆንጥረው መረመሩና ካንሰር ነው አሉ። ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው፤ ችኩል ነገር ነው፤ ግን አባቴ ሸማኔ መሆኑን ሲሰማ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«እያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ…» ብሎ ሲጀምር አባቴ ደንግጦ በሩን አየ። በዚህ ዘመን ህዋስ የሚባል ቃል ሰው ያስበላል።

«የሰውነት ህዋስ ነው፣ አባባ፤ የፖለቲካ አይደለም» አለው ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እያንዳንዱ ውስጥ መንታ ሆኖ የተጠማዘዘ ክር አለ። ሰውነት የሚሸመነው በዚያ ነው። የትምባሆ ጢስ ክሩን ይበጥሰዋል። ሰውነት ደግሞ የራሱ ቋጣሪዎች አሉት፤ የተበጠሰውን እየፈለጉ ይቋጥራሉ። ሲበጠስ ሲቋጠር፣ ሲበጠስ ሲቋጠር ዓመታት ያልፋሉ። አንድ ቀን ቋጣሪዎቹ ይደክማሉ፤ አንዷን ብጣሽ ያልፏታል። ከዚያ በኋላ ሽመናው በስህተቱ ላይ ይቀጥላል።»

«ጥለቱ ሁሉ ይበላሻላ» አለ አባቴ በዚያ በተኮላተፈ አፉ።

«እንደሱ ነው። ሌላ አገር የጨረር መሣሪያ አለ፤ የተበላሸውን ሥጋ ክር መቋጠር እስኪያቅተው ይበጣጥሰዋል። እኛ ጋ የለም። እኛ ያለን ቢላ ነው። ከሚመጣው ሰኞ በኋላ ባለው ሰኞ አልጋ ይኖርዎታል። ካልመጡ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ ሁለተኛ ተራ እስኪደርስዎት ደግሞ ቁስሉ አይታገሥም።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያጨስ አለ? አፍ ውስጥ ታጥቦ የማይለቅ ነጭ ልጥፍ ካየሽበት ቶሎ ይምጣ። እዚያ ላይ እንደርስበታለን» አለኝ።

እኔ ይህን ክር አውቀዋለሁ። የባዮሎጂ አስተማሪያችን ዲ ኤን ኤ ብሎ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ሰሌዳ ላይ ስሎት ነበር። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ብሎን ደወል ተደወለ።

ከሆስፒታሉ በር እንደወጣን አባቴ፣ «ጨንቻ እሄዳለሁ» አለ።

«ምን ልታደርግ?»

«ይህ ጎሜ ነው።»

ጎሜ የማይደረገውን ያደረገ ሰው ላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ ጥፋቱ ተፈልጎ እስኪገኝና እርቅ እስኪወርድ ድረስ አይለቅም ይላሉ። የአባቴ ጥፋት የታወቀ ነው። አያቴ ስትሞት አልሄደም። መንገዱ ሁሉ ፍተሻ፣ ከተማው ሁሉ ጥይት የነበረበት ጊዜ ነበር። የሸመነውን ጋቢ ለመገነዣዋ ላከ፤ ጋቢው ከቀብር በኋላ ደረሰ። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ማዳ፣ ደጄን እንዳትረግጥ ብሎ ላከበት። ከዚያ ወዲህ ተያይተው አያውቁም።

«ለእናቴ ያላለቀሰ አፍ ነው የበሰበሰው» አለኝ አባቴ።

«የበሰበሰው የትምባሆ ጋያ ሲስብ የኖረ አፍ ነው» አልኩት።

«ሁለቱም አንድ አፍ ነው። ሳልታረቅ ቢላ አይነካኝም።»

እሱን ማሳመን ካቃተኝ፣ ያለኝ ምርጫ ፈጥኜ ወስጄ ፈጥኜ መመለስ ነው። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና ተነሣን።

ረቡዕ። አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ኬላ አለ፤ ሁላችንንም አስወርደው ወረቀት ማየት ጀመሩ። ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ አባቴን፣ «ስምህን ተናገር» አለው። አባቴ አጉተመተመ።

«ምን ይላል?»

«አፉን ታሟል» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? አንተ፣ እዚህ የተጻፈውን ስም ተናገር።»

አባቴ መናገሩን ተወና አፉን ከፈተለት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ወረቀቱን ለአባቴ አልመለሰለትም፤ ለእኔ ነው የሰጠኝ፣ እሱ እዚያ የሌለ ይመስል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሶዶ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው የለም። ከፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ዋለች ማለት ይቻላል።

ሶዶ ላይ አደርን። አልጋ ቤቱ ቁንጫ አለበት፤ የእኛ ሰፈር ቁንጫ ያፍራል፣ ይኸኛው አያፍርም። ባለቤቲቱ ግን አባቴን አንዴ አይታ ምንም ሳትጠይቅ ለብ ያለ ወተት አመጣችለት። እኔ ሥጋ ወጥ በላሁ። ሳኝክ አባቴ አገጬን ሲያይ ያዝኩትና ማኘኬን ቀነስኩ።

ሐሙስ። አርባ ምንጭ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ሙቀቱ ከአውቶቡሱ ስትወርዱ እንደ ሰው ይገፋችኋል። ሐይቆቹን አየኋቸው፤ አንዱ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ስለነሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ያረፍነው ወይዘሮ ማርታ ቤት ነው፤ ድሮ ሽሮ ሜዳ ጎረቤታችን የነበሩ፣ የእናቴ የእምነት እኅት ናቸው። ለእኔ ኩርኩፋ ሠሩልኝ፤ የበቆሎ ድብልብልና ሀለኮ የሚባል የዛፍ ቅጠል አብሮ የተቀቀለበት ነው። አዲስ አበባ ጎመን በልቼ ያደግሁ ስለሆንኩ ቅጠል ከዛፍ ላይ ይለቀማል ቢሉኝ ሳቅሁ፤ ግን ሳህኑን ጨረስኩ። ለአባቴ የጫሞ አሳ ቀቅለው መረቁን በጨርቅ አጠለሉለት፤ የጫኖ ሙዝ በማንኪያ እስኪላቁጥ ድረስ ፈጩለት። «ቀስ በል ወንድሜ፣ ማንም አይነጥቅህም» እያሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራት ሴቶች አንድ በአንድ መጡ። ጸሎት ቤታቸውን መንግሥት አሽጎት ነበር፤ ሲዘምሩ የተሰሙ ይታሰራሉ። በሩን ዘጉ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ መዘመር ጀመሩ፤ ድምፅ ግን የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ደረታቸው ይነሣል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሳይነካ ያጨበጭባል። የሚሰማው የቆርቆሮው መንጣጣት ብቻ ነው። ሁሉም እኩል ጀምረው እኩል ጨረሱ። ማን እንደመራቸው እስከ ዛሬ አይገባኝም። አባቴ ግን መሃላቸው ተቀምጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም አላነሰም።

ዓርብ። የመንግሥት ቢሮ ወዳለበት የላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ ወጥተን ወረቀታችንን አስመታን። ጸሐፊው ከጎጃም የመጣ ሰው ነው፤ «እዚያ ብርድ ሲበላሽ ማን አስገደደኝ ትያለሽ፣ እኔ ደመወዝ ነው ያስገደደኝ» ብሎ ማኅተሙን ሳያጉላላ መታልን። ከሲቀላ የጭነት መኪና አገኘን። ጫኖን፣ ሙዙንና ማንጎውን አልፈን ወደ ተራራው ስንዞር ላባችን ሳይደርቅ ብርዱ ጀመረ። ሽሮ ሜዳም እንጦጦ ሥር ስለሆነ ብርድ አውቃለሁ እል ነበር። ይህ ግን ጉም ያዘለ ብርድ ነው፤ በአንገታችሁ ይገባና እዚያው ይቀመጣል።

መኪናው ጥሎን ሄደ። ከፊቴ ሦስት እርምጃ አይታየኝም። ከግራ ከቀኝ የመወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፣ ጧ፣ ጧ፣ ጧ፤ ልክ እንደኛ ሰፈር፤ ግን ሸማኔም ቤትም የለም፣ ነጭ ጉም ብቻ። አባቴ እጄን ይዞ ቆመ። ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አባቴ ጠራኝ።

«ብርቄ። ብርቄ፣ በዚህ ነው፣ ነይ።»

የአባቴ ድምፅ ነው። የድሮው፣ ሳይታመም የነበረው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከድሩ ላይ ሆኖ የሚጠራኝ። አባቴ ግን አጠገቤ ነው፣ አፉ በሻሽ ታስሯል። ዞሮ ወደ ድምፁ አየ፤ እሱም ሰምቶታል።

ከጉሙ የወጣው አጎቴ ማዳ ነው። ሐሙስ ዕለት ወደ ጨንቻ በሚወጣ የሌላ መኪና ሾፌር በኩል መልእክት ልኬለት ነበር። ረዥም፣ ጋቢ የለበሰ፣ የአባቴ ፊት ያለው ሽማግሌ። እኔን ሳመኝ፤ አባቴን አልሳመውም። ወንድሙን ለረዥም ጊዜ አየውና ጀርባውን ሰጥቶ መንገዱን መራን።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ ነው፤ ፊቱ ኩምቢውን እንዳንከረፈፈ ዝሆን ይመስላል፣ ከላይ ዓይን የሚመስሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላውን ዙሪያውን ቆርጠው ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ቤቱ በየጊዜው ያጥራል። አባቴ ቀጥ ብሎ ይገባበት በነበረው በር አሁን አጎንብሶ ገባ። የአጎቴ ሚስት ለእኔ ቆጮ በዳጣ አቀረበችልኝ፤ ዳጣው ጆሮዬን አስጮኸው። ለአባቴ የቡላ ገንፎ አቅጥና ሠራችለት፤ ግን ለብቻው ጥግ ላይ። ጎሜ ያለበት ሰው ከቤቱ ሰዎች ጋር ከአንድ ገበታ አይበላም። አጎቴ ለእኔ ሲያወራልኝ አመሸ። ዓይኔን ከጨፈንኩ አባቴ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ዓይኔን አልጨፈንኩም።

ቅዳሜ። ውሃ ልቀዳ ስወርድ አንዲት በጣም ያረጀች ሴት መንገድ ላይ ቆማ አየችኝና እንስራዋን አወረደች። በዶርዜኛ፣ በአያቴ ስም ጠራችኝ። «አንቺ ሞተሽ የለም እንዴ?»

«እኔ አልሞትኩም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ» አልኳት።

ጉንጬን በጣቷ እየነካካች አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። «ቀብሬሽ ነበር» አለችና እንስራዋን አንሥታ ሄደች። መስተዋት ስላልነበረ ባልዲው ውስጥ ፊቴን አየሁ። የማን ክር ነው ፊቴ ላይ የተሸመነው ብዬ እስከ ማታ ከፋኝ።

እርቁን የሚያወርዱት ሽማግሌዎች ደግሞ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከገበያ በኋላ እንይ አሉ። ከገበያ በኋላ ማለት እነሱ ዘንድ ሲመቸን ማለት ነው። እኔ የሆስፒታሉን አልጋ አሰብኩ።

እሑድ። ትልቁ ሽማግሌ ቤት ራሴ ሄድኩ። ሴት ልጅ እንዲህ አታደርግም ብላ የአጎቴ ሚስት በሩ ላይ ያዘችኝ፤ አስለቀቅኋት። በመንገድ የጫማዬ ሶል ጭቃ ውስጥ ተገነጠለ፤ አንሥቼ በእጄ ይዤ፣ በአንድ እግር ጫማ ነው የገባሁት።

«አባቴ ቢሞትስ?» አልኳቸው።

«ጎሜው ካልወጣ የት ሄዶ ይድናል?»

«ወጥቶለት ሐኪም ቤት ካልደረሰስ? የታረቀ ሬሳ ነው የምወስደው?»

ሽማግሌው እግሬን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «የዚህች ልጅ ምላስ ደህና ነው» አሉ አጠገባቸው ላሉት። ሳቁ። «ማክሰኞ ጠዋት። ሂጂ አሁን።»

ሰኞ ገበያ ዋልኩ። ዱንጉዛ የሚባለው ቀይና ቢጫ መስመር ያለው ሽምን ጨርቅ እንደ ጎመን ተከምሮ ይሸጣል፤ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ነው የሚከብረው። የአጎቴ ሚስት ሶሌን በእንሰት ቃጫ ጠምጥማ ሰፋችልኝ። እስከ ዛሬ አልተላቀቀም።

ማክሰኞ። ሽማግሌዎቹ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ረፋድ ነው፤ ግን ጉሙ ስላልተነሣ ሰዓቱ አይታወቅም። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ ያጠፋ ሰው ጥፋቱን በራሱ አፍ መናገር አለበት። ሌላ ሰው ሊናገርለት አይችልም። አባቴ ተነሣና ሻሹን ፈታ። ተናገረ። ማንም አልገባውም። ደገመው፤ ምራቁና ደሙ በአገጩ ወረደ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እኔ በሽሮ ሜዳው ልማዴ ልተረጉም ስነሣ ትልቁ ሽማግሌ በእጃቸው አስቀመጡኝ። ያልተነገረ ጥፋት አይታረቅም። ዝም ብለን ልንመለስ ነው፤ ባዶ እጃችንን፤ እሱ ደግሞ ቢላውን እምቢ ሊል።

አጎቴ ማዳ ከተቀመጠበት ተነሣ። የተበደለው እሱ ነው። መጥቶ ከአባቴ ጎን ቆመና ጆሮውን ወደ አፉ አስጠጋ። አባቴ አጉተመተመ።

«እናቴ ሞታ አልመጣሁም» አለ አጎቴ፣ በአባቴ ድምፅ።

አባቴ ቀጠለ፤ አጎቴ ተከተለው።

«ፈርቼ ነው። መንገዱን ፈርቼ ነው ብያለሁ። ከመንገዱ ይልቅ ወንድሜን ነበር የፈራሁት። ጋቢውን ስሸምን ክሩ ሲበጠስ ዝም ብዬ አልፍ ነበር፤ ለማፍጠን። ዘግይቶ ደረሰ። እናቴ ያልለበሰችው ጋቢ ነው። አፌ የበሰበሰው በዚህ ነው።»

መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ። አለቀሰ። አባቴም አለቀሰ፤ ግን የሚሰማው ልቅሶ አንድ ብቻ ነበር፤ ማንኛቸው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ትልቁ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለቱም እጅ ላይ አደረጉ፤ ጥፋቱ ወጣ አሉ።

ከዚያ ጋያው መጣ። ቅል ውስጥ ውሃ፣ ላዩ ላይ ፍምና ትምባሆ። ሲስቡት እንደ ሰው ያንኮራፋል። ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አባቴ ጋ ደረሰ፤ እምቢ ማለት እርቁን እምቢ ማለት ነው። አባቴ እጁን ዘረጋ።

«አይነካውም» አልኩ።

«ያልሳበ አልታረቀም» አሉ ሽማግሌው። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ነገሩ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

«ልጁ ነኝ። ግማሽ ክሩ እኔ ውስጥ ነው። በእሱ ፈንታ እኔ ልሳብ።»

ያልኩት በአማርኛ ነበር፤ አጎቴ ተረጎመላቸው። አንገት ለአንገት ገጥመው ተነጋገሩና ሽማግሌው፣ «ልጅ የአባት ሥጋ ነው፤ ትሳብ» አሉ። ቅሉን ተቀብዬ ሳብኩ። ጢሱ ምላሴን እንደ ጋለ ማንኪያ ነካው። ስስል ሁሉም ሳቁ፤ አጎቴ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ አፉን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጎ። ያን ጊዜ አየሁት። ምላሱ ጎን ላይ፣ የአባቴ ቁስል በጀመረበት ቦታ፣ የወተት አረፋ የመሰለ ነጭ ልጥፍ።

«አጎቴ፣ አፍህን ዝጋ» አልኩት። ከዚያ፣ «አይ፣ ክፈት። አፍህን ታጠብ።»

ለቀልድ ብሎ በውሃ ተጉመጠመጠና ከፈተልኝ። አልለቀቀም። ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት፤ ስለ ክሩም ስለ ቋጣሪዎቹም። «አንተም ከእኛ ጋር ና።»

«እኔ ምን ጎሜ አለብኝ?» ብሎ ሳቀ። «አሁን ገና ወጣልን።»

በዚያ ቀን ከአንድ ገበታ በሉ። አባቴ ቡላውን ሲውጥ አጎቴ አብሮ ይውጥ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ስንወጣ አጎቴ ቤቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ለአባቴ፣ «ይህን ቤት ስንት ጊዜ ቆረጥነው፤ አሁንም ቤት ነው። ሂድ ተቆረጥ» አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ጭነት መኪናው ላይ ስንወጣ ጉሙ አጎቴን ዋጠው፤ ከኋላችን ግን፣ «ብርቄ፣ ወንድሜን አደራ» የሚል የአባቴ ድምፅ ተከተለን። አባቴ ዞሮ ድምፁን እያየ ነበር፤ የረሳውን ዕቃ እንደሚያይ ሰው።

ወይዘሮ ማርታ ዘንድ አንድ ሌሊት፣ ሶዶ አንድ ሌሊት፤ ዓርብ ሽሮ ሜዳ ገባን። ሰኞ አልጋው ላይ ተኛ። ከምላሱ አብዛኛውን፣ ከአገጩም ቆረጡ። ወጣ፤ በላ፤ በቱቦም ቢሆን። ሐኪሙን ስለሳብኩት ጋያ ጠየቅሁት። «የአንቺ ቋጣሪዎች ገና ወጣቶች ናቸው፤ ሻሸመኔ ሳትደርሺ ቋጥረውታል» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ምላሴን በጣቴ እዳብሳለሁ።

አባቴ አሁን አይናገርም። ይሸምናል። ክር ሲበጠስበት ያቆማል፣ ይቋጥራል፣ ይቀጥላል። እኔ የሱ ድምፅ ጨንቻ ቀረ እያልኩ ለሰው መናገር ጀምሬ ነበር።

ባለፈው ከሰዓት በኋላ ደጅ ልብስ ሳጥብ ከአጥሩ ውጭ አባቴ ጠራኝ። «ብርቄ።» እጄ አረፋው ውስጥ ቀረ። ቤት ውስጥ የመወርወሪያው ድምፅ ቀጥ አለ። በሩን ሳየው አባቴ ከድሩ ተነሥቶ፣ አፉ በሻሽ እንደታሰረ፣ እንደኔ አጥሩን እያየ ነው።

አጎቴ ማዳ ገባ። እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ መደቡ ላይ ተቀመጠ። «ያቺ ያየሻት ነጭ ነገር» አለኝ፣ «አሁን ትንሽ ታመኛለች። ለዚያ ሐኪምሽ አሳዪልኝ።»

አፉን ከፈተ። ቤቱ ጨለማ ነበረና አልታየኝም። አባቴ መጣ፤ የወንድሙን አገጭ በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዞረልኝ።